ውሃ ያቃጠለኝ ጠዋት

አንድ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ አልኩ። ሳሙና ገና አልነካሁም። በእፍኜ የያዝኩትን ለብ ያለ ውሃ ፊቴ ላይ ስረጨው ሁለቱም ጉንጮቼ ሳማ እንደነካቸው ተለበለቡ። ውሃው የፈላ መስሎኝ ክንዴን ከቧንቧው ሥር ሰደድኩ፤ ክንዴ ምንም አልተሰማውም። ደግሜ ፊቴ ላይ ረጨሁ፤ ደግሞ አቃጠለኝ። ፎጣውን ጉንጮቼ ላይ ጫን አድርጌ ይዤ፣ ሳላሽ፣ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ። ሥራ ውዬ እስክመለስ ድረስ ከአእምሮዬ ያልወጣው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ውሃ እንዴት ያቃጥላል?

ፊቴ ደህና አለመሆኑንማ አውቅ ነበር። ከታጠብኩ በኋላ መወጠር ከጀመረ ወራት ሆኖታል። አፍንጫዬና አፌ ዙሪያ ይፈረፈራል፤ ዐይኖቼ ሥር ያሳክከኛል። ለእያንዳንዱ ሰበብ ነበረኝ። አየሩ ደርቆ ነው፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው፣ ሐሳብ በዝቶብኝ ነው። እውነትም ደረቅ አየር፣ ድካምና ጭንቀት የተቆጣን ቆዳ ያብሱበታል። ውሃን ግን በምን ልክሰሰው? «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ውሃው ጥሩ ነበር፤ ያልመረመርኩት ሥሩን ነው።

ሌላም ያዘገየኝ ነገር አለ። ስለ ቆዳ መቆጣት ያየኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያሳዩት ነጣ ያለ ቆዳ ላይ የቀላ ነገር ነው። የእኔ ፊት ግን አልቀላም። ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ቁጣው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኖ ይታያል። አንዳንዴም ከዐይን በፊት እጅ ነው የሚያውቀው፤ ይሻክራል፣ ይሞቃል። እኔ ጉንጬ ላይ የወጣውን ጥቁረት «ማድያት ነው» ብዬ ደመደምኩ። ለማድያት ደግሞ የማደርገው ነገር ነበረኝ።

በጥንቃቄ የመረጥኳቸው

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በፋብሪካ የተሠራ የፊት ቅባት ሁሉ አቁሜ ነበር። ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስጀምር ስማቸውን መጥራት የሚያስቸግሩ ነገሮች አስፈሩኝ። ስለዚህ በማውቃቸው ተካኋቸው። ለጥቁረቱ የሎሚ ጭማቂ ከማር ጋር። ለወዙ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጬ። የሞተውን ቆዳ ለማንሳት ስኳር በወይራ ዘይት። ማታ ማታ ደግሞ አክስቴ የሰጠችኝ የላቬንደር ዘይት፣ ሁለት ሦስት ጠብታ። ለራሴ ከማደርጋቸው ነገሮች ሁሉ በፍቅር የማደርገው ይህን ነበር። ቀኑ ምንም ያህል ቢከብድ እነዚያ አሥር ደቂቃዎች የእኔ ናቸው። ሲቆጠቁጠኝ «እየሠራ ነው» እል ነበር። ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ መልሼ ብውጠው የምወደው ይህንን ነው። ፊት ላይ የሚቀባ ነገር ሲያቃጥል ቆዳው «በቃኝ» እያለ ነው።

በመሃል አንድ ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ሰው የጠቆመኝን ባለ ቱቦ ቅባት ገዛሁ። በሦስት ቀን ፊቴ ለሰለሰ። ባቆምኩ በሳምንቱ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። በኋላ እንደተረዳሁት ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት ነበር። ስቴሮይድ ሐኪም መጠኑንና ቀኑን ወስኖ ሲያዘው ብዙ ሰው ከሥቃይ የገላገለ መድኃኒት ነው። ያለ ትእዛዝ ፊት ላይ ለሳምንታት ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፤ ሲቆም ደግሞ ቁጣውን አብሶ ሊመልሰው ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ባዶው የጠረጴዛ ጥግ

የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ውሃው ካቃጠለኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዶክተሯ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ፊቴን በማጉያ መነጽር አዩና ምንም ከመጻፋቸው በፊት «ልጄ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፊትሽን የሚነካውን ሁሉ በሚቀጥለው ይዘሽልኝ ነይ። የፀጉርሽንም፣ የልብስሽንም ሳሙና» አሉኝ።

ይዤ ሄድኩ። 14 ነገር ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ስደረድረው ኮርቼ ነበር፤ ግማሹን በእጄ ያዘጋጀሁት ነው። ተፈጥሯዊውን ከኬሚካሉ ይለዩታል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሌላ መለያ ነበራቸው። ሎሚውን፣ ሶዳውን፣ ስኳሩን፣ አረፋው የሚበዛውን ሳሙና ወደ አንድ በኩል ገፋ አደረጉና «እነዚህ አጥር ያፈርሳሉ» አሉ። የላቬንደሩን ዘይት፣ ሽቶውን፣ የልብስ ማለስለሻውን፣ መዓዛ ያለውን ሻምፑ ወደ ሌላው በኩል። «እነዚህ ደግሞ አጥሩ ሲፈርስ ይገባሉ።» ከዚያ እጃቸውን ባዶ የቀረው የጠረጴዛ ጥግ ላይ አሳርፈው ጠየቁኝ፦ «አጥሩን የሚጠግነውስ የታለ?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ባዶ ጥግ አሁንም አየዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእያንዳንዱ ነገር ላይ ስጠይቅ የኖርኩት «ከየት መጣ?» እያልኩ ነበር። «ቆዳዬ ላይ ሲያርፍ ምን ያደርጋል?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

አጥር ያሉት የቆዳችንን የመጨረሻ ላይኛ ንጣፍ ነው። ፊት ላይ ውፍረቱ 0.02 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ የአንድ ወረቀት አንድ አምስተኛ እንኳ አይሆንም። አሠራሩ እንደ ግንብ ነው። ድንጋዮቹ ጠፍጣፋ የሞቱ ሕዋሳት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ማያያዣ ስብ ነው። የዚህ ስብ ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ፣ ሩብ ያህሉ ኮሌስትሮል፣ የቀረው በአብዛኛው ፋቲ አሲድ ነው። የውስጡ ውሃ እንዳይተን፣ የውጭው ባዕድ ነገር እንዳይገባ የሚዘጋው እሱ ነው። የሰሃን ቅባት የሚያለቅቅ ነገር ይህንንም ያለቅቃል። «የሞተ ቆዳ» እያልኩ በስኳር የፈገፈግኩትም የግንቡን ድንጋይ ነበር።

ሌላው ነገር አሲዱ ነው። የጤናማ ቆዳ ገጽ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ይባላል፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል፤ የቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ነው። ሻዴና ማርኪዮኒኒ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 «የአሲድ መጎናጸፊያ» ብለው ጽፈውለታል። ስቡን የሚያዘጋጁት ኤንዛይሞች ደህና የሚሠሩት በዚያ አሲድ ውስጥ ነው። ተራ ሳሙና ፒኤቹ ከ9 እስከ 10 ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ከ8 ያልፋል፤ የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ነው። የፒኤች እያንዳንዱ ደረጃ አሥር እጥፍ ስለሆነ ሎሚ አሲድነቱ ከቆዳዬ ሺህ እጥፍ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። አንድ ማታ በሎሚ ወደዚያ፣ በማግስቱ በሶዳ ወደዚህ ስጎትተው ነበር። ሎሚ ሌላም ጣጣ አለው። ውስጡ ያለው ፉሮኩማሪን የተባለ ነገር ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ ሲድንም ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ይተዋል። ጥቁረት ላጠፋ ብዬ በእጄ ጥቁረት እጨምር ነበር።

ውሃውስ? አጥሩ ሲሳሳ ከሥሩ ያሉት የነርቭ ጫፎች ይጋለጣሉ። ሙቀትን የሚለይ አንድ የነርቭ መቀበያ አለን፤ ሚጥሚጣ ሲነካን የሚያቃጥለንም በእሱ በኩል ነው። በደህናው ጊዜ የሚነሳው ሙቀቱ 43 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ቆዳ ሲቆጣ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት ይነሳል፤ ለብ ያለ ውሃ እንደ ፈላ ውሃ ይሰማል። ይህን ሲያስረዱኝ እንባዬ መጣ። ለወራት «ምንም አይታይብሽም፣ አታካብጂው» ስባል ነበር የኖርኩት። ማሳከክን የሚያጠኑ የተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ትርጓሜ ላይ በትንሹ የሚቆጣ ቆዳ ሲያዩት ፍጹም ጤነኛ ሊመስል እንደሚችል ጽፈዋል። ማቃጠሉ በዐይን ባይታይም እውነት ነው።

ዶክተሯ አንድ ነገር ጨመሩ። «በልጅነትሽ ችፌ ነበረብሽ?» ነበረብኝ፤ ክርኔና ጉልበቴ እጥፋት ላይ፤ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ጠፋ። አንዳንድ ሰው አጥሩ ከመነሻው ስስ ሆኖ ይወለዳል። ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያዘው ዘረመል ላይ ያለ ጉድለት ለችፌ እንደሚያጋልጥ በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተዋል። የእኔ ዘረመል አልተመረመረም። የልጅነቱ ችፌ ግን ሌላው ሰው የሚችለውን የእኔ ቆዳ ለምን እንዳልቻለ የሚነግረኝ ይመስለኛል።

ጀርባዬ ላይ የተነበበው

ቁጣው ሁለት ዓይነት ነው አሉኝ። አንደኛው የሚያቆስል ነገር በማንም ሰው ቆዳ ላይ ሲደጋገም የሚመጣ ነው፤ ከንክኪ ከሚነሳው የቆዳ ቁጣ አብዛኛው ይህ ነው። ሁለተኛው አለርጂ ነው፤ ሰውነት አንድን ነገር ጠላት ብሎ ይመዘግበውና በነካው ቁጥር ይነሳበታል። ሁለቱ ሲታዩ መንትያ ስለሆኑ የሚለያቸው ፓች ቴስት ነው። ያዳሶን የተባለ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ መሠረቱ እስካሁን አልተለወጠም። የተጠረጠሩትን ነገሮች በጥቂት በጥቂቱ ጀርባ ላይ ይለጥፋሉ፣ 48 ሰዓት ይተዋሉ፣ ሲነሳ አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ያነባሉ።

እኔ የልብስ ሳሙናውን ጠርጥሬ ነበር። በአራተኛው ቀን ጀርባዬ ላይ ካሉት ነጥቦች አንዱ አብጦ ያሳክከኛል። ዶክተሯ ከወረቀታቸው ጋር አስተያዩትና «ሊናሎል» አሉ። ሊናሎል ለላቬንደር ያን ልብ የሚያሳርፍ መዓዛ ከሚሰጡት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ብቻውን፣ አዲስ ሳለ እምብዛም አይጎዳም። አየር እያገኘው ሲቆይ ግን ተለውጦ ጠንካራ አለርጂ ቀስቃሽ ይሆናል። የእኔ ጠርሙስ ከተከፈተ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ አክስቴም ግማሹን ተጠቅማበት ነው የሰጠችኝ።

እስካሁን የማስበው የሁለቱን መያያዝ ነው። ሎሚውና ሶዳው አጥሩን ባያፈርሱት ኖሮ ዘይቱ ያን ያህል ጠልቆ ባልገባ፣ ሰውነቴም ምናልባት ባልመዘገበው ነበር። አለርጂው ደግሞ ከተቀቡት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ስለሚነሳ ማክሰኞ የቀባሁትን ሐሙስ ሲያሳክከኝ የምወቅሰው ሐሙስ የነካሁትን ነበር። ለማስታገስ የምደርሰውም ወደ ላቬንደሩ ነው። አንዴ የተመዘገበ አለርጂ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል።

ዘይቱን ማጣት ከጠበቅሁት በላይ ከበደኝ። አክስቴ እኔ ልጅ ሳለሁ አቅፋ ስታስተኛኝ የምትሸተው እሱን ነው። የሰጠችኝም ከባድ ጊዜ ላይ ሆኜ ነው፤ «ስትተኚ ጠብ አድርጊበት፣ ከእኔ ጋር ያለሽ ይመስልሻል» ብላ።

ከዚያ በኋላ «ተፈጥሯዊ» ለሚለው ቃል ያለኝ ፍቅር አልጠፋም፤ ጥያቄ ግን ተጨመረበት። ሳማም ተፈጥሯዊ ነው። ቫዝሊን ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት መብት የወጣለት። ሆኖም ከቆዳ የሚተነውን ውሃ እሱን ያህል የሚያስቀር ነገር ጥቂት ነው፣ መዓዛም የለው። አጃ ከእርሻ የመጣ ነው፤ በደቃቁ ተፈጭቶ በውሃ ሲበጠበጥ ማሳከክን ያበርዳል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ቆዳን ከሚጠብቁ ነገሮች ተራ አስገብቶታል። የወይራ ዘይትና የሱፍ አበባ ዘይት ሁለቱም ከተክል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ላይ ግን የወይራው አጥሩን ሲያላላ የሱፉ አላላላውም። የወይራ ዘይት ፊታቸው ላይ እየቀቡ ለሚኖሩ ይህ ሳይነገራቸው መቅረቱ ያሳዝነኛል። ፋብሪካውንም ነፃ እያወጣሁት አይደለም። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የተባለው፣ ቅባት እንዳይበላሽ የሚጨመረው ማቆያ አለርጂ እያስፋፋ ስለመጣ የአውሮፓ ኅብረት ተቀብተው ከሚተዉ መዋቢያዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አግዶታል።

መተው የተማርኩበት ጊዜ

የታዘዘልኝ አጭር ነበር። ከ14ቱ ሁሉንም ማቆም። ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ብቻ፤ ማታ መዓዛ የሌለውና አረፋ የማያበዛ መታጠቢያ። ፊቴን በፎጣ ሳልፈትግ ጫን ጫን አድርጌ ማድረቅ፤ ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፣ የፎጣ አያያዝ እንኳ ለካ ይቆጠራል። እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ግሊሰሪንና ሴራማይድ ያለበት ሽታ አልባ ቅባት፤ በጣም የተላጠው ላይ ከላዩ ስስ ቫዝሊን። ሌላ ምንም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉም ከበደኝ። እጄ በየማታው የሚሠራውን አጥቶ ተንከራተተ። ፊቴ ሲያሳክከኝ ምንም አለመጨመር ፊቴን እንደ መበደል ይሰማኝ ነበር፤ መንከባከብ ማለት መጨመር ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ዶክተሯ እንዳስረዱኝ አጥሩ ከተነካ ከሰዓታት ጀምሮ ራሱን ይጠግናል፤ ጤነኛ ቆዳ በጥቂት ቀን ይጨርሳል፤ በየቀኑ ሲፈርስ የኖረ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ሕዋሳቱ ከታች ተነስተው ላይ ደርሰው እስኪረግፉ አንድ ወር ያህል ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሜ ፍርድ መስጠቴን ተውኩ። በሁለተኛው ሳምንት መፈርፈሩ ቀነሰ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ታጥቤ፣ ፎጣውን ሰቅዬ፣ በር ላይ ስደርስ ነው ውሃው እንዳላቃጠለኝ ትዝ ያለኝ።

ጥቁረቱ አሁንም አለ፤ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ወራት ይወስዳል። ለፀሐይ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪን ጨምሬአለሁ። አዲስ ነገር ከመጀመሬ በፊት ክርኔ እጥፋት ላይ በቀን ሁለቴ ለአንድ ሳምንት እሞክረዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ፣ በአንድ ጊዜ። ዕቃ ስመርጥም «ሽታ አልባ» የሚለውን ብቻ አይቼ አልመለስም፤ አንዳንዱ ሽታውን በሌላ ሽታ ሸፍኖ ነው ሽታ አልባ የሚባለው፤ ዝርዝሩን አነባለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ቆዳው በተቆጣና በደረቀ ሰው ልክ ነው። ፊቱ ወይም ዐይኑ ያበጠ፣ ውሃ ወይም መግል የሚያዥ፣ ቢጫ ቅርፊት የሠራ፣ ትኩሳት ያለው ሰው ቤት ውስጥ አጃ እየበጠበጠ አይቆይ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረውማ ለደቂቃም አይጠበቅም።

ለአክስቴ ሳልነግራት ሁለት ወር ቆየሁ። በተደዋወልን ቁጥር «እየተቀባሽው ነው?» ትለኛለች፤ እኔ ወሬ እቀይራለሁ። ስጦታዋን እንደ መመለስ ሆኖብኝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቤቷ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና «እቴቴ፣ ያ ዘይት ለእኔ አልሆነኝም» ብዬ ጀመርኩ። የጀርባዬን ነገር፣ የሊናሎሉን፣ ጠርሙስ ተከፍቶ ሲቆይ የሚሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ትከፋለች ብዬ ነበር። ዝም ብላ አዳመጠችኝ።

ከዚያ የሹራቧን እጅጌ ቀስ አድርጋ ሰበሰበች። በየቀኑ ዘይቱን ጠብ የምታደርግበት አንጓዋ ላይ ቆዳው ጠቁሮ፣ ደድሮ፣ በማከክ ተሰነጣጥቋል።

«ይኸው ሦስት ዓመቱ» አለችኝ። «የሰዓቱ ማሰሪያ ነው ብዬ ሰዓቱን ጥዬው ነበር።»